ከተማዋ በየትኛው ኬክሮስ ላይ ናት?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ በልብ ወለድ ገጽ ላይ የወጣውን፣ ሦስት ጨረቃና ቀለበት ስላላት ፕላኔት የሚያወራውን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለታሪኩ ስል፣ ቀጥሎ እርሳስና ወረቀት ይዤ። ታሪኩ ልብ ይነካል። እናትየዋ ልጇን የምትሸኝበት ገጽ ላይ ስደርስ ጋዜጣውን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ያስቸገረኝ ሰማዩ ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ በላያቸው ያለው ሰማይ ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ሆነብኝ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ልብ ወለድ አይደል እንዴ? ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሒሳብ ምናብን ያስራል የሚል ሐሳብ ከሥሩ አለ። እኔም ለረጅም ጊዜ የፈጠራ ፕላኔት ስሠራ ኖሬያለሁና ያየሁት ሌላ ነው። ቁጥሩን አስቀድሞ የሠራ ሰው ታሪኩን ከቁጥሩ ውስጥ ሲወጣ ያገኘዋል፤ በሐሳቡ ብቻ ቢቀመጥ ፈጽሞ የማይመጣለት ነገር እጁ ላይ ይወድቃል። ይህን ነው ላሳያችሁ የምፈልገው።

ከቀላሉ ልጀምር። በታሪኩ መክፈቻ ላይ ፀሐይ እየጠለቀች ሳለ ሦስቱም ጨረቃዎች ሙሉ ሆነው ይታያሉ፤ አንዷ በምሥራቅ፣ አንዷ ከራስ በላይ፣ አንዷ በምዕራብ። ይሄ አይሆንም። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። ሙሉ ሆና የምትታየው ከፀሐይ ፊት ለፊት፣ በሌላኛው የሰማይ ጫፍ ስትሆን ብቻ ነው። ፀሐይ በምዕራብ እየገባች ከሆነ ሙሉዋ ጨረቃ በምሥራቅ የምትወጣዋ ናት። ከራስ በላይ ያለችው ግማሽ ትሆናለች፣ ወደ ፀሐይዋ የተጠጋችው ደግሞ ቀጭን ማጭድ። እስቲ በአንድ ሰማይ ላይ ሙሉ፣ ግማሽና ማጭድ ጎን ለጎን አስቡት! ከሦስት ሙሉ ክብ በጣም ያምራል፤ ደግሞም እውነት ነው። በዚያ ላይ ገጸ ባሕርይዋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም የጨረቃዎቹን ቅርጽ አይታ ፀሐይዋ ከመሬት በታች የት እንደደረሰች ማወቅ ትችላለች።

ሁለተኛው ነገር የጨረቃዋ ስፋት ነው። ታሪኩ ውስጥ ትልቋ ጨረቃ ከኛዋ አሥር እጥፍ ሰፍታ ትታያለች፣ ባሕሩ ግን ዝም ብሎ ተኝቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ደስ የሚል ሕግ አለ። አንዲት ጨረቃ ባሕር የምታነሳበት ኃይል ከመጠነ ቁሷ ጋር ያድጋል፣ በርቀቷ ኩብ ልክ ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ስታፍታቱት ጨረቃዋ የተሠራችበት ነገር ጥቅጥቅነት ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ ወሳኙ ከመሬት ስትታይ ያላት ስፋት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በአካሏ ስፋት ግማሽ የሆነች ጨረቃ በግማሽ ርቀት ብታስቀምጡ መልኳም የባሕር ሙላቷም ከቀድሞዋ ጋር አንድ ነው። አሥር እጥፍ ሰፍታ የምትታይ ከሆነች ግን አሥርን ሦስት ጊዜ ማባዛት ነው፤ ሺህ እጥፍ። የኛ ጨረቃ በክፍት ውቅያኖስ ላይ የምታነሳው ውሃ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። በሺህ አባዙት። ያቺ የባሕር ዳርቻ መንደር የለችም።

ይሄ ማለት ግዙፏን ጨረቃ አውጥታችሁ ጣሉ ማለት አይደለም። መፍትሔው ያው ሒሳቡ ውስጥ አለ። ፕሉቶና ጨረቃዋ ኬረን ሁለቱም አንድ ፊታቸውን ብቻ ለሌላው እያሳዩ በ6.39 ቀን አብረው ይዞራሉ። ፕላኔቷና ጨረቃዋ እንደዚህ ከተቆላለፉ ውሃው አንድ ቦታ አብጦ ይቀመጣል እንጂ በየቀኑ አይመላለስም። ጨረቃዋም ሰማዩ ላይ ከቦታዋ አትነቃነቅም። በዚህ ላይ ደግሞ የፕላኔቷ ግማሽ ሕዝብ ጨረቃዋን በሕይወቱ አይቷት አያውቅም። ልጅቷ ተሰዳ የምትሄደው ወደዚያኛው ግማሽ ቢሆንስ? እናትየዋ የምትሸኝበት ገጽ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት፤ ልጇ በጉዞው መሀል በየቀኑ ጨረቃዋን ወደ አድማስ ስትወርድባት ታያለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ከኋላዋ ትጠልቅባትና ዳግመኛ አትወጣም።

አሁን ወደ ቀለበቱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ መናገር የምፈልገው።

በታሪኩ ልጅቷ በቀለበቱ ላይ እንደ ጎዳና ትራመዳለች። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1859 የሳተርን ቀለበት አንድ ወጥ ጠጣር ነገር ሊሆን እንደማይችል፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቁርጥራጮች መሆን እንዳለበት በሒሳብ አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ፕላኔቷ የቀረበው ቁራጭ ከራቀው ይልቅ ፈጥኖ መዞር አለበት። እኔ በሠራኋት ፕላኔት ላይ የቀለበቱ የውስጥ ጠርዝ በ3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ አንድ ዙር ይጨርሳል፣ የውጭው ጠርዝ ግን 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ጠጣር ጎዳና ቢሆን ወዲያው ይበጣጠስ ነበር። የሳተርን ቀለበት ቁርጥራጮች ከአቧራ ቅንጣት ጀምሮ ቤት እስከሚያክል ድረስ ናቸው፤ ውፍረቱ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ አሥር ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅቷ ቤት በሚያክል ድንጋይ ላይ ትቀመጥ። በፕላኔቷ በኩል ያሉት ድንጋዮች ቀስ ብለው ይቀድሟታል፣ በውጭ በኩል ያሉት ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከመራመድ ይልቅ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀለበት የት ይቀመጣል ለሚለው መልሱ የኤድዋር ሮሽ ነው። ይህ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1848 የደረሰበት ነገር እንዲህ ነው። ለፕላኔቷ የቀረበው የጨረቃ ጎን ከራቀው ጎን ይልቅ በብርቱ ይሳባል። ጨረቃዋ ስትጠጋ ይህ ልዩነት እያደገ ሄዶ ራሷን በራሷ አቅፋ ከያዘችበት ስበት ይበልጣል፣ ያኔ ትፈራርሳለች። ሁለቱ እኩል ጥቅጥቅ ካሉና ጨረቃዋ እንደ ፈሳሽ ቅርጿ የምትለወጥ ከሆነች ወሰኑ ከፕላኔቷ መሀል 2.44 የፕላኔት ሬዲየስ (ከመሀሏ እስከ ገጿ ያለው ርቀት) ላይ ነው። ለኛ ምድርና ጨረቃ ሲሰላ 18,000 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ከዚያ ወዲህ የቀለበት ሰፈር ነው፣ ከዚያ ወዲያ የጨረቃ ሰፈር። ትንንሽ ጨረቃ ግን ቀለበት ውስጥም ይኖራል። በሳተርን ቀለበት ውስጥ ያለችው ዳፍኒስ ስፋቷ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በምታልፍበት ሁሉ የቀለበቱን ጠርዝ እንደ ጀልባ እያወዛወዘች ትሄዳለች።

ይህን ወሰን እኔም ዘግይቼ ነው የተማርኩት። በመጀመሪያው ረቂቄ አንዲት ሸካራ ጨረቃ ከፕላኔቷ መሀል 15,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሰቅዬ ነበር። በ5 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ፕላኔቷ ራሷን ከምታዞርበት ፍጥነት ስለምትበልጥ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች። በጣም ወድጃት ነበር። ያን ያህል ትልቅ ሆና እዚያ መቆየት እንደማትችል ስረዳ ሙሉ ምዕራፍ አስወጣሁ። ሁለት ቀን አዘንኩ። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ፤ ጨረቃዋ አልጠፋችም፣ ቀለበቱ ራሱ እሷ ናት። የማርስ ጨረቃ ፎቦስ ዛሬ እያደረገች ያለችው ይህንኑ ነው። በየመቶ ዓመቱ 1.8 ሜትር ገደማ ወደ ማርስ ትቀርባለች፤ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ወይ ትወድቃለች ወይ ተበትና ቀለበት ትሆናለች። እኔም ለሕዝቦቼ የጠፋች ጨረቃ የምትዘከርበት ጥንታዊ ልቅሶ ሰጠኋቸው። ዘፈኑን የሚያውቁት ለምን እንደሚያለቅሱ ሳያውቁ ነው።

ቁጥሮቹን ልስጣችሁ፣ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ሥሩት። የፕላኔቷ ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር፣ የዛቢያዋ (የምትሽከረከርበት መስመር) ዝንባሌ 23.4 ዲግሪ፤ ሁለቱንም ከምድር ተዋስኩ። ቀለበቱን ከመሀሏ ከ11,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ዘረጋሁት። በምድር ወገብ ትይዩ ነው የሚያርፈው። በመዞሯ ምክንያት ፕላኔቷ ወገቧ ላይ ታብጣለች፤ ዘንበል ብለው የሚዞሩት ቁርጥራጮች ደግሞ እየተጋጩ እየተጋጩ በመጨረሻ ወደዚያ ጠፍጣፋ ገበታ ይወርዳሉ።

አሁን ሰዎቻችሁን መሬት ላይ አቁሟቸው። ምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው ቀለበቱን በጠርዙ ነው የሚያየው፤ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በራሱ ላይ የተወጠረች ቀጭን ክር ብቻ። ያን ሁሉ ውበት እላዩ ላይ ተሸክሞ አያየውም። ወደ ሰሜን ሲጓዝ ክሯ ትሰፋለች፣ በደቡብ በኩል ትልቅ ቅስት ትሆናለች። 55ኛው ዲግሪ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ ሲለካ) አካባቢ የውስጡ ጠርዝ ከአድማስ በታች ይገባል። ከ69 ዲግሪ አልፎ የሚኖር ሰው ጭራሹን አያየውም። በታሪኩ ዋልታው ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ በየማታው ቀለበቱን እያዩ ይጸልያሉ። ሊያዩት አይችሉም። ግን ቀለበት አለ ሲባል የሰሙ፣ በዓይናቸው ግን ያላዩት ሽማግሌ ቢሆኑ ጸሎታቸው ምን ያህል ይለወጥ ነበር!

ጥላውን ደግሞ እዩት። የብርዱ ወቅት ሲመጣ ፀሐይ ወደ ሌላኛው ንፍቀ ክበብ ታዘነብላለች፣ ቀለበቱ በእሷና በእናንተ መካከል ይገባል። በኔ ፕላኔት ቀኑ በጣም ባጠረበት ዕለት ቀትር ላይ ከ20ኛው ዲግሪ ጀምሮ ፀሐይ እስከምትታይበት የመጨረሻ ቦታ ድረስ ያለው አገር ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው። 10ኛው ዲግሪ ላይ ያለ ሰው ግን ፀሐይን በፕላኔቷና በቀለበቱ መካከል ባለው ክፍተት ያያታል። ሀብታሞቹ ለብርዱ ወቅት ወዴት እንደሚሰደዱ አሁን ታውቃላችሁ፣ የመሬት ጠብም ከየት እንደሚነሳ።

40ኛው ዲግሪ ላይ ያለችውን ከተማዬን ለብቻዋ ሠራኋት። የቀትር ፀሐይ በዓመት ለ84 ቀን ገደማ ከቀለበቱ ጀርባ ታልፋለች። ግን በአንድ ጊዜ አይደለም የሚጨልመው። መጀመሪያ የምትፈዘው በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ሰዓት ነው። በየቀኑ ፍዘቱ ከጠዋትና ከማታ በኩል ወደ ቀትር ይገፋል፣ ቀኑን ከሁለት ጫፍ ይበላዋል፤ በመጨረሻ የቀትሯ ብርሃን ብቻዋን ቀርታ እሷም ትሄዳለች። ይህን ከመሥራቴ በፊት በዚያ ወቅት፣ በቀትር፣ በደማቅ ፀሐይ የሚካሄድ ሠርግ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። አሁን የከተማዋ ሰዎች ሠርጋቸውን ብርሃኗ በምትመለስበት ቀን ነው የሚያደርጉት፤ የምትመለሰውም ቀትር ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሙሽሮቹ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ቃል ይገባባሉ። ቁጥሩን ባልሠራ ይህ በፍጹም አይመጣልኝም ነበር።

ጥላው የፈጠራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2004 ሳተርን ስትደርስ ብርድ ላይ የነበረው ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ የቀለበቱ ጥላ በመስመር በመስመር ተጋድሞበት ሰማያዊ ሆኖ ነበር ያገኘችው። ለምድራችንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ከ466 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀለበት ሳይኖራት አይቀርም የሚል መላምት አቅርበዋል። የተነሱት ከ21 ጉድጓዶች ነው፤ በዚያ ዘመን ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች የተቆፈሩ፣ ሁሉም በወቅቱ ከምድር ወገብ 30 ዲግሪ ባልራቀ ቦታ የነበሩ። መላምት ነው፣ ገና ይፈተናል። ለደራሲ ግን ትልቅ ስጦታ ነው፤ የቀለበቱ ፍርስራሽ ቀስ በቀስ የሚወርደው ወገቡ ላይ ነው ማለት ነው። ቀለበቱን እንደ ክር ብቻ የሚያየው ያ ምስኪን ሰው ድንጋዩም የሚወርድበት በእሱ ላይ ነው።

ሌሊቱም የራሱ ጨዋታ አለው። የፕላኔቷ ጥላ ቀለበቱ ላይ ይወድቃል፤ ሲመሽ በምሥራቅ በኩል ቅስቱ የተነከሰ ይመስላል፣ ንክሻው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እኩለ ሌሊት ላይ መሀሉ ላይ ነው። ሰዓት አያስፈልጋቸውም። በሙቀቱ ወቅት መሀል ላይ ደግሞ ጥላው 16,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ውጭ ያለው የቀለበቱ ጠርዝ እኩለ ሌሊትም ሳይቋረጥ ያበራል። በብርዱ ወቅት ግን የሚያዩት ያልበራውን ፊቱን ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ብርሃኑ በጠርዙ ብቻ ስለሚያርፍበት ቀለበቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጠፋ የሰማይ ነገር ያለው ሕዝብ ምን ዓይነት በዓል ይኖረዋል? እኔ ለአንዱ ጾም፣ ለሌላው ደግሞ ዕዳ የሚሰረዝበት ቀን አደረግኩት።

ቀለሙን በአጭሩ። በታሪኩ ቀለበቱ እንደ በረዶ ነጭ ነው። የሳተርን ነጭ የሆነው በአብዛኛው የውሃ በረዶ ስለሆነ ነው። ሰዎች ያለ ልዩ ልብስ በሚኖሩባት ሞቃት ፕላኔት ዙሪያ ግን በረዶው በኮከቡ ሙቀት ተንኖ ያልቃል፤ ቀለበቱ የድንጋይ መሆን አለበት። ይሄ አያሳዝን። የኛ ጨረቃ ከሚያርፍባት ብርሃን የምትመልሰው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ምን ያህል እንደምታደምቅ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ኮከቡንም ማሰብ ያስፈልጋል። ታሪኩ ፀሐይዋ ቀይና ትንሽ እንደሆነች ይናገራል። ቀይ ድንክ ኮከብ ደካማ ስለሆነ ፕላኔቷ ለመሞቅ በጣም መጠጋት አለባት። ጨረቃ የምትይዝበት ግዛቷም አብሮ ይጠባል። የምድር ግዛት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮከቡ የፀሐይን አንድ አሥረኛ ቢመዝንና ፕላኔቷ ከምድር ይልቅ ሃያ እጥፍ ብትጠጋ ግዛቷ ወደ 160,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ጨረቃ ተረጋግታ የምትቆየው ደግሞ ቢበዛ በግማሹ ውስጥ ነው። ሦስት ጨረቃ እዚያ ማጨቅ ከባድ ነው። ወይ ኮከቡን ቢጫ ማድረግ፣ ወይ ጨረቃ መቀነስ። እኔ ብሆን ኮከቡን እለውጣለሁ።

ጨረቃዎች ከበዙ ደግሞ እርስ በርስ ይነካካሉ። ከጁፒተር ጨረቃዎች ሦስቱ፣ አዮ፣ ዩሮፓና ጋኒሜድ፣ በ1.77፣ በ3.55 እና በ7.15 ቀን ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው እጥፍ ገደማ። ይህ መደጋገም አዮን ያለ ፋታ ይጠመዝዛታል፣ ውስጧን ያግላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 ሦስት ሳይንቲስቶች አዮ በዚህ ምክንያት ውስጧ ቀልጦ እሳተ ገሞራ ሊኖራት እንደሚችል አሳተሙ፤ በዚያው ወር ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር አጠገቧ አልፋ ሲፈነዳ ፎቶ አነሳችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ይዘው ማንም አይቶት የማያውቀውን እሳት አዩት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው ለእናንተ ነው፤ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ማተማችሁን አታቁሙ፣ ግን ከታሪኩ ግርጌ ለፕላኔቷ ቁጥሮች አምስት መስመር ቦታ ስጡ፤ ሬዲየሷ፣ ዝንባሌዋ፣ የቀለበቷ ሁለት ጠርዞች፣ የጨረቃዎቿ ርቀት፣ የኮከቧ ዓይነት። የሚሰላ ነገር ያገኘ ወጣት አንባቢ እርሳሱን ማንሳቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ለደራሲዋ ነው። እባክዎ ታሪኩን ይቀጥሉት። ልጅቷ የወጣችባት ከተማ በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንዳለች ግን ይንገሩን፤ ያን ካወቅሁ እናትየዋ በሸኘቻት ጠዋት ወደ ደቡብ ቀና ብላ ስታይ ምን እንደነበረ ማስላት እችላለሁ።